ለዳክዬ የተሠራ ማማ

በሕይወቴ ከነልብሴ ኩሬ ውስጥ የገባሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ማንም አልገፋኝም፣ አዳልጦኝም አልነበረም። በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ ጥቁር ቀሚሴን እንደለበስኩ፣ የልብስ ቅርጫት አቅፌ የገባሁት በገዛ እግሬ ነው። ለምን እንደገባሁ ለመንገር ግን ከባለቤቴ ከአስፋው መጀመር አለብኝ። ዳክዬዎቹን ያመጣብኝ እሱ ነውና።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከመጣን ጀምሮ አብዛኛውን ዕድሜያችንን የኖርነው ኖርዝላንድ ሠፈር ውስጥ፣ አፓርትመንት ተከራይተን ነው። እሱ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ እኔ ጋሃና፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። ጡረታ ስንወጣ አስፋው ከዌስተርቪል ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ በበቆሎና በአኩሪ አተር እርሻ መሃል አንድ ትንሽ ቤት አገኘ። ከቤቱ ጓሮ ኩሬ አለ። ጓደኞቻችን "እዚያ ማን አለ?" ሲሉት "ማንም የለም፤ የወደድኩትም ለዚሁ ነው" ይላቸው ነበር።

አንድ ቀን ያገለገለ የሳር ማጨጃ ሊገዛ ወደ አንድ ገበሬ ዘንድ ሄደ። ሲመለስ ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ካርቶን አወጣ። ካርቶኑ ይንጫጫል። አምስት ዳክዬዎች ነበሩ፤ አራቱ ነጭ፣ አንዷ ቡናማ።

"ማጨጃውስ?" አልኩት።

"እነዚህም ሳር ይበላሉ" አለኝ።

ወደ ኩሬው ሲወርዱ ተሰልፈው ስለሚሄዱ የጦር ሹመት ሰጣቸው። ነጮቹን ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች አላቸው። ቡናማዋን እቴጌ አላት። ፊታውራሪ በስሙ ግንባር ቀደም መሆን ሲገባው ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ነው የሚደርሰው። አስፋው ግን ሹመቱን አልሻረበትም። ማደሪያም ሠራላቸው። ሁለታችንም የምናውቀው ዶሮ ስለሆነ ከፍ ያለ ጥሩ ቆጥ አበጀ። ዳክዬዎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆጡን በአክብሮት አዩትና ከሥሩ ገብተው ተኙ። ዳክዬ ቆጥ ላይ እንደማይወጣ ያን ጊዜ ነው የተማርነው።

አስፋው ባለፈው ዓመት፣ በበረዶው ወራት አረፈ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የዌርሃውስ ጓደኞቹ፣ ሞርስ ሮድ ጎዳና ላይ ያሉ ነጋዴዎች ሳይቀሩ መጥተው ቤቱን ሞሉት። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ተመለሰ። ይህን ለወቀሳ አይደለም የምጽፈው፤ ሰው መሥራት አለበት። እኔ ግን ቁጭ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ጠዋት በሩን ከፍቼ የምወጣው ዳክዬዎቹ ርቧቸው ስለሚጮሁ ብቻ ነበር። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ መጋረጃውንም የምከፍት አይመስለኝም።

ሜሮን፣ አንዲት ልጃችን፣ ባለትዳር ነች፤ ዌስተርቪል ነው የምትኖረው። ቤቷ ውስጥ ለእኔ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብታ፣ አልጋ ዘርግታ ትጠብቀኝ ጀመር። "እማዬ፣ ቤቱን እንሽጠው፤ እዚያ ብቻሽን መኖር ሴፍ አይደለም" ትለኛለች። ልክ ነበረች። አንድ ቀን እንዲህ አልኳት፦ "አባትሽ የተወልኝ ዳክዬዎች እያሉ የትም አልሄድም። ሲያልቁ እመጣለሁ።"

"ዲል? ተስማማን?" አለችኝ።

"ዲል" አልኳት። ዝም ላሰኛት ብዬ ነው። ሜሮን ግን የአባቷ ልጅ ነች፤ አንዴ የተባለ ነገር አትረሳም።

ጸደይ ሲገባ እቴጌ ጠፋች። ቀበሮ በላት ብዬ አለቀስኩላት። ከሳምንታት በኋላ ከሸምበቆው መሃል ስምንት ጫጩቶች አስከትላ ወጣች። የሎሚ ቀለም አላቸው፤ ጥቁር ነጠብጣብም ጣል ጣል ብሎባቸዋል፤ ውሃው ላይ ሲበተኑ ነፋስ ያፈሰሰው አበባ ይመስላሉ። የአስፋውን ዳክዬዎች ስቆጥር በአንድ ጠዋት ከአምስት ወደ አሥራ ሦስት ወጡልኝ። ወንበር አውጥቼ ከኩሬው ዳር መቀመጥ ጀመርኩ። በዚያው ሰሞን አንዲት ኤሊ ከዳር ብቅ እያለች ታየኛለች። ለእሷም የዳቦ ፍርፋሪ እጥልላታለሁ። ኤሊ እኛ ዘንድ ምን ታደርጋለች? ሳር ትበላለች፣ ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ስትነኳት ቤቷ ትገባለች። ለሜሮን በስልክ "ኤሊም አለችኝ" ብዬ በኩራት ነገርኳት።

ከዚያ ጫጩቶቹ መጥፋት ጀመሩ።

አንድ ጠዋት ሰባት ሆኑ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ። በማግስቱ ስድስት ሆኑ። ያስፈራኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ደም የለም፤ ላባ የለም፤ ሳሩ ላይ ዱካ የለም። እቴጌ ወዲያ ወዲህ እያለች ትጣራለች፤ ሌሎቹ ምንም እንዳልሆነ ይዋኛሉ። በዚያው ቀን፣ ሐሙስ፣ ሜሮን ደወለችና ቅዳሜ ከሰዓት ቤት የምታሻሽጥ አንዲት ሴት ይዛ እንደምትመጣ ነገረችኝ። "ለማየት ብቻ ነው፣ እማዬ፤ ዋጋውን እንድትገምት።" እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ በመስኮት ስድስቱን አየኋቸው። በዚህ አካሄድ እኔን ከቤቴ ለማስወጣት ሜሮን ምንም መድከም አያስፈልጋትም ነበር።

ለጋሼ ይመር ደወልኩ።

ጋሼ ይመር የወሎ ሰው ነው። ከአስፋው ጋር ዌርሃውስ አብረው ሠርተዋል፤ አሁን ሞርስ ሮድ ላይ ትንሽ የሥጋና የቅመም ሱቅ አለው። በለቅሶው ጊዜ በየቀኑ እየመጣ ከበሩ አጠገብ ቁጭ ይልና ምንም ሳይናገር ይሄድ ነበር። ነገሩን ስነግረው "አይዞሽ" አላለኝም። ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ "የአስፋው ማርቴሎ አሁንም ጋራዡ ውስጥ ነው?"

ያን ቀን ማምሻውን ከባለቤቱ ከእትዬ ዘሀራ ጋር መጣ። እትዬ ዘሀራ ለመኪናው፣ ለመንገዱና ለባሏ አነዳድ ስትራገም ደረሰች። አውሬ ሳይጎዳ የሚይዝ የሽቦ ወጥመድ ተውሰው አምጥተዋል። "ራኩን፣ ይህ የአገሩ ጫጩት ሌባ አውሬ ነው" አለ ጋሼ ይመር፤ "ሌሊት እየመጣ ነው። ውስጡ ምግብ አድርጊበት፤ ሲገባ በሩ ይዘጋበታል።" ምግቡን ከየት ላምጣ? የሐዋርያት ጾም ነው፤ ቤቴ ውስጥ ሥጋ የሚባል የለም። ሽሮ በእንጀራ አድርጌ፣ አውሬም ቢሆን እንግዳ ነው ብዬ ጥሩ አድርጌ አስቀመጥኩለት። ጠዋት ሽሮው እንዳለ ነው። ጫጩቶቹ ግን አምስት ሆነዋል።

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ተመልሰው መጡ። እትዬ ዘሀራ ወጥመዱን ከፍታ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

"ጾም ነው አልሽው?"

"ምን ላድርግ፣ ቤቴ ሥጋ የለም።"

"የዚህ አገር አውሬ ፍስክ ነው፣ እትዬ ጥሩ" ብላ ከሱቃቸው ያመጣችውን የበግ ሥጋ ሰቀለችበት። "ይኸው። ሐላልም ነው፤ ምንም ሰበብ የለው።"

ጋሼ ይመር በዚህ መሃል ኩሬውን እየዞረ መሬት መሬቱን ያያል። ሲመለስ ሐሳቡን ለውጧል። ዱካ የሌለው ጠላት በምድር አልመጣም፤ በምድር ካልመጣ ከሰማይ ነው፤ ስለዚህ ጭልፊት ነው። አነጋገሩ እንደ ዳኛ ስለነበር ሁላችንም አመንነው። መድኃኒቱም ማማ ነው አለ። በልጅነቱ ማሽላ ከወፍና ከዝንጀሮ የጠበቀው ማማ ላይ ሆኖ ነው፤ አንዲት እሸት አላስነካም። እትዬ ዘሀራ ጣልቃ ገብታ፣ ሲያጫት ግን የእሸቱን ግማሽ እሱ ራሱ ጠብሶ ይበላው እንደነበር እንደነገራት አስታወሰችው። ጋሼ ይመር እንዳልሰማ ሆኖ ከፒክአፑ እንጨት ማውረድ ጀመረ።

ያን ከሰዓት ሦስታችን ስንሠራ ዋልን። እኔ ምስማር አቀብላለሁ፤ እንጨት እይዛለሁ፤ "ወደ ግራ ዘመመ" እላለሁ። አራት ቋሚ ተተከለ፤ ከላዩ ጣውላ ተነጠፈ፤ ከፀሐይ መከለያ አሮጌ አንሶላ ተወጠረበት፤ የአስፋው መሰላል ተደገፈበት። ጋሼ ይመር ከመኪናው ገመድ ጅራፍ ገመደ። ላይ ወጥቶ አንድ ጊዜ ሲያጮኸው የሠፈሩ ውሻ ሁሉ መለሰለት፤ ፊታውራሪ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ሮጠ። ማታ ራበኝ። የሚገርመው ርሃቡ አይደለም፤ ርሃቡን መስማቴ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ይመርና እትዬ ዘሀራ ተመልሰው ሲመጡ ወጥመዱ ይዞ አገኘነው። ውስጡ አንድ ወፍራም ግራጫ ድመት የበጉን ሥጋ አጣጥሞ ጨርሶ ተጋድሟል። ያንገት ማሰሪያው ላይ ስም አለ። ድመቱ የጎረቤታችን የሊንዳ ነው። ሊንዳ ባሏ የሞተባት ነጭ አሜሪካዊት ነች፤ ከአጥሩ ማዶ ትኖራለች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እጅ ከማውለብለብ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ድመቱን ልትወስድ ስትመጣ አልተቆጣችም። ዓይኗ ማማው ላይ ነበር። ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ጋሼ ይመር ከላይ ሆኖ፣ ጅራፉን እንደያዘ፣ በዌርሃውስ እንግሊዝኛው "ሲኪዩሪቲ" አላት። ሊንዳ ትንሽ አሰበችና፣ ጥሩ ነው ብላ ድመቱን ታቅፋ ሄደች።

ከጠዋት ጀምሮ ጋሼ ይመር ሰማዩን ጠበቀ። አንድ ጭልፊት ከሩቅ ዞሮ ሄደ፤ እሱንም በጅራፍ ሸኘው። ጫጩቶቹ አምስት እንደሆኑ ናቸው። ሜሮንና ያቺ ሴት ከሰዓት ይደርሳሉ። እኔ አሁንም አሁንም እቆጥራለሁ። እኩለ ቀን ላይ ጋሼ ይመር የዙህር ሰላት ደረሰበት። ከማማው ወርዶ ውሃ ሲጠይቀኝ ፊቱ ተጨንቋል።

"ማማ ባዶውን አይተውም፣ እትዬ ጥሩ። ጠላት የሚጠብቀው ይህችን ሰዓት ነው።"

እትዬ ዘሀራ ከወጥ ቤት መስኮት ድምፅዋን አሰማች፤ እሷን አልጋ እንኳ ከፍ ካለ ያዞራታል። ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። መሰላል ከወጣሁ ስንት ዘመኔ ነው። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ አማትቤ ወጣሁ።

ላይ ስደርስ ለጥቂት ጊዜ ዳክዬዎቹን ረሳኋቸው። ቤቴን ከላይ አይቼው አላውቅም። ጣራውን፣ አስፋው የተከላቸውን የፖም ዛፎች፣ ከማዶ የሊንዳን ጓሮ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ዓይን ጥግ የተዘረጋውን በቆሎ አየሁ። ጋሼ ይመር ከዛፉ ሥር ምንጣፉን ዘርግቶ ቆሟል። ከዚያ ወደ ኩሬው ዞርኩ። ከዳር ሆኜ ሳየው ሁልጊዜ ሰማይ ብቻ የሚያሳየኝ ውሃ፣ ፀሐይዋ ከአናቱ ላይ ሆና ከላይ ሲታይ እስከ ወለሉ ወለል ብሎ ታየኝ። አረንጓዴው ዝቃጭ፣ የወደቀ ግንድ፣ የእቴጌ ብርቱካናማ እግሮች ሲቀዝፉ፣ ከኋላዋ አሥር ትናንሽ እግሮች።

ከእነሱ በታች ሰፌድ የሚያህል ጥላ አለ።

የደመና ጥላ መሰለኝ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ደመና የለም። ዝቅ ስል ጥላው ከመጨረሻው ጫጩት ሥር ደርሷል። ጫጩቱ ወደ ግራ ሲል እሱም ወደ ግራ ይላል። አይቸኩልም። ከዚያ ከጥላው ፊት እንደ ክንድ የወፈረ አንገት ቀስ ብሎ ወጣ፤ ያን ጊዜ የማን ጥላ እንደሆነ ገባኝ። ሳርዋን የምትበላ፣ ቀስ ብላ የምትሄድ፣ በእጄ ዳቦ የጣልኩላት ኤሊ።

"ጋሼ ይመር፣ ውሃው ውስጥ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ጋሼ ይመር ግንባሩን ምድር ላይ አድርጓል። ወጥ ቤት ውስጥ ውሃ ይፈሳል፤ እትዬ ዘሀራ አትሰማም። ለዚያ ሁሉ ጥበቃ ዝግጁ የነበረው ሰው ሁሉ፣ ጠላት ሲመጣ አንዱ ሰጋጅ፣ አንዷ ዕቃ አጣቢ ሆነው ተገኙ። ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ ዛሬም አላውቅም። እታች የልብስ ቅርጫቴ ነበር፤ ጋሼ ይመር ምስማርና ገመድ ሞልቶበታል። ገለበጥኩትና ይዤው ገባሁ።

ውሃው እስከ ጉልበቴ ሲደርስ ቀዘቀዘኝ፤ እስከ ወገቤ ሲደርስ ብርዱን ረሳሁት። ጭቃው አንድ ጫማዬን ወስዶ አስቀረ። እቴጌ ክንፏን ዘርግታ ውሃውን ትመታለች፤ ጫጩቶቹ ተበትነዋል። አንደኛው ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ እኔ ይዋኛል፤ ከኋላው ውሃው ያብጣል። ቅርጫቱን በጫጩቱና በዚያ እብጠት መሃል ሰደድኩት። አንድ ራስ ከውሃው ብቅ አለ፤ አሮጌ፣ የተቆጣ፣ አፉን የከፈተ ራስ። ቅርጫቱን ከጠርዙ ላይ ግጥም አድርጎ ያዘ። የከባድ ድስት ክዳን ሲገጥም ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

አሁን ትለቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አትለቅም። እኔም አልለቅም። እሷ ወደ ጥልቁ ትጎትታለች፤ እኔ ወደ ዳር እጎትታለሁ። ሆቴል ቤት ያን ሁሉ ዓመት እርጥብ አንሶላ ስጎትት የኖርኩት ለካ ለዚህ ኖሯል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ፤ ደግሞ አንድ። "ነይ እንግዲህ" እላታለሁ፤ "የበላሽው ይበቃሻል፤ ነይ።"

ዳር ስደርስ እትዬ ዘሀራ ማማሰያ ይዛ ቆማለች። ጋሼ ይመር ባዶ እግሩን እየሮጠ መጣ። ሊንዳም ጩኸቴን ሰምታ አጥሩን ተሻግራለች፤ ኤሊዋን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ስናፒንግ ተርትል፣ ነካሽ ኤሊ፣ ትባላለች አለች፤ ጣት ትቆርጣለች፤ ከራሷ በኩል ማንም እጁን እንዳያደርስ፤ ዳክዬ ከሥር እየሳበች መብላት ልማዷ ነው። ስለዚህ ላባ የለም፤ ስለዚህ ዱካ የለም። ሦስታቸው ከቅርጫቱ ወዲህ ይዘው ከእኔ ጋር ጎተቱ። ኤሊዋ ከነቅርጫቱ ሳሩ ላይ ወጣች፤ ሊንዳ ትልቁን የቆሻሻ በርሜል ደፋችባት። ጋሼ ይመር ሄዶ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ።

እትዬ ዘሀራ ባሏ ፊት ቆመች። "ሰው ሲሰጥም ሰላት እንደሚቋረጥ አስተማሪህ አልነገረህም?"

"መስጠሟን በምን ልወቅ?" አለ ጋሼ ይመር። "ጩኸቱን ሰምቻለሁ። ዳክዬ መስሎኝ ነው።"

ያን ጊዜ ሳቅ መጣብኝ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር፤ ድምፁን ረስቼዋለሁና። ሳሩ ላይ ቁጭ አልኩና ሳቅኩ፤ ጭቃው ከፀጉሬ ይንጠባጠባል፤ እኔ እስቃለሁ። ሊንዳ አማርኛ አታውቅም፤ ግን እሷም ሳቀች። እትዬ ዘሀራ ብቻ ፊቷን ወደ ቤቱ አዙራ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ እጄን ይዛ አስገባችኝ። አስፋው በሞተ በአርባው የማኅበሬ ሴቶች ልብስ ገዝተው መጥተው ጥቁሬን እንዳወልቅ ለምነውኝ ነበር፤ በመንፈቁም ለምነውኝ ነበር። እምቢ ብያቸዋለሁ። እትዬ ዘሀራ አልለመነችኝም። ለእኅቷ የገዛችውን ቢጫ አበባ ያለበት ድሪያ ከቦርሳዋ አወጣችና "ቶሎ ልበሺ፤ ብርድ ይመታሻል" አለችኝ። ለበስኩ። ጥቁሩ ቀሚስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጭቃውን እያንጠባጠበ ቀረ። ስለ ሐዘን አንዲት ቃል አልተናገርንም።

ሜሮን የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ከመኪናዋ ወርዳ በጓሮ በኩል ስትዞር ያየችውን ልንገራችሁ። በአንሶላ የተጋረደ ማማ። በርሜል ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ። ከበርሜሉ ውስጥ ቧ ቧ የሚል ድምፅ። ማማሰያ የያዘች ሴት። እናቷ ቢጫ ለብሳ፣ ባዶ እግሯን፣ ፀጉሯ ርሶ። ከሜሮን ኋላ ደግሞ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማዋ ሳር ውስጥ እየሰመጠባት የምትመጣ ቤት አሻሻጯ።

"እማዬ፣ ዋት ኢዝ ሃፕኒንግ? ምንድን ነው ይሄ?"

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ስነግራት እጄን እያንቀሳቀስኩ ነበር፤ ኤሊዋ እንዴት እንደያዘች፣ እኔ እንዴት እንደጎተትኩ። ሜሮን ግማሹን የሰማች አይመስለኝም። ልብሴን ነበር የምታየው፤ ከዚያ ፊቴን። አሻሻጯ በዚህ መሃል ማማውን ዞራ አይታ፣ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚሸጥ እንደሆነ ጠየቀች።

ሜሮን ወደ ኩሬው ወርዳ እቴጌ የሰበሰበቻቸውን ጫጩቶች በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። ስትመለስ ከፊቴ ቆመች።

"ሲያልቁ ነበር ያልሽው።"

"አዎ።"

"አላለቁም።"

"አላለቁም፣ ልጄ።"

ከዚያ ወደ አሻሻጯ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ ስላደከምኩሽ ይቅርታ፣ እናቴ ቤቱን አትሸጥም አለቻት።

ኤሊዋን ሊንዳ ስልክ ደውላ የሚያውቁ ሰዎች ጠይቃ፣ በጋሼ ይመር ፒክአፕ ወንድሟ እርሻ ላይ ወዳለ ረግረግ ወሰዷት። ከመሄዳቸው በፊት በርሜሉን ቀና አድርገን አየናት። ቅርጫቱን አሁንም አልለቀቀችም። ልጠላት ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ጋሼ ይመር "ከአስፋው በፊት ባለርስቷ እሷ ነበረች" አለ። እውነቱን ነው። እሷ የበላችው ቤቷ ድረስ የመጣላትን ነው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ያን ሁሉ ቀን እኛ ሰማዩንና አጥሩን ስንጠብቅ፣ የሚበላው ነገር ከሥር ነበር። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ቤቴ በመጣው ሰው ሁሉ ላይ በሬን ስዘጋ፣ የሚበላኝ ነገር አብሮኝ ውስጥ ተቀምጦ እንደነበር አላየሁም። እትዬ ዘሀራ ይህን ብታነብ "ከኤሊ ስብከት አታውጪ" ትለኛለች፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ስብከት ያልሆነውን ግን ሳልናገር አልሄድም። ሐዘንተኛ ቤት ስትሄዱ ምግብ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ጥሩ ነው። "አይዞሽ" ትላላችሁ፤ እሱም ጥሩ ነው። ግን ደግሞ ከቤቱ ውስጥ የተሰበረ፣ የዘመመ፣ የሚጠፋ ነገር እንዳለ ጠይቁ። ማርቴሎው የት እንዳለ ጠይቁ። ከዚያ ሐዘንተኛዋን አትቀመጪ በሏት፤ ምስማር ታቀብል፤ እንጨት ትያዝ፤ ዘመመ አልዘመመም ብላ ትከራከራችሁ። እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ያ ነው። አስፋው አልተመለሰልኝም። ሌሊት ላይ ጎኔ አሁንም ባዶ ነው፤ ይህን የሚለውጥ ማማ የለም። ጠዋት ግን ቀኑ የሚፈልገኝ ይመስለኛል።

ማማው እንደቆመ ነው። ጋሼ ይመር በየወሩ እየመጣ ምስማሩን ያጠብቃል፤ ጠባቂነቱን ግን ለእኔ ለቋል። ሊንዳም አንዳንድ ቀን ሻይዋን ይዛ ትወጣለች፤ ሁለት ባል የሞተብን ሴቶች ማማው ላይ ተቀምጠን፣ በእኔ ስብርባሪ እንግሊዝኛ፣ ባሎቻችንን እናማለን። ጫጩቶቹ አድገው ከእናታቸው መለየት ያስቸግራል።

ሜሮን በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስትነዳ ትደውልልኛለች። ድሮ ስልኩን ሳነሳ የምትጠይቀኝ እንቅልፍ ወስዶኝ እንደሆነ፣ መድኃኒቴን ውጬ እንደሆነ ነበር። አሁን ደህና አደርሽ እንኳ ሳትለኝ "ስንት ናቸው?" ትለኛለች። ስልኩን በጆሮዬ እንደያዝኩ በሩን ከፍቼ እወጣለሁ፤ ቆጥሬ እስክነግራት ድረስ አትዘጋም።

"አሥር" እላታለሁ። "ፊታውራሪ እየመጣ ነው።"